የልጆች ልብ ወለድ ለስሜት መጋራትና ለአስተያየት ጽሑፍ ማስተማሪያነት

መግቢያ

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሰውን ልጅ አንድ ትልቅ ድካም በአጭሩ ይገልጻል። የራስ ቁስል ያማል፤ የሌላው ቁስል ግን እንጨት ቢሰድዱበትም ለሰዳጁ አይሰማውም። ትምህርት ቤት ይህን ድካም ፈጽሞ ሊያስወግደው ባይችልም ሊያለዝበው ይችላል። ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ለልጆች የተጻፈ ጥሩ ልብ ወለድ ነው።

በሌላ በኩል ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ችግር አለ። ተማሪዎች «አስተያየታችሁን ጻፉ» በተባሉ ጊዜ የሚያቀርቡት ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከመምህሩ አንደበት የተቀዳ፣ ወይም በምክንያት ያልተደገፈ፣ ወይም ከምክር ያላለፈ ሆኖ ይገኛል። የዚህም መንስኤ ተማሪዎቹ ሐሳብ ስለሌላቸው አይደለም። ሐሳብ የሚያፈልቅ፣ አቋም ለመያዝ የሚያስገድድ፣ በሁለት በኩል ሊታይ የሚችል ጉዳይ ስለማይሰጣቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሥራ እንዴት ሊቃለሉ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው። ለማሳያነትም አንድ የታወቀ የልጆች ልብ ወለድ ተመርጧል። ይኸውም ሊንዳ ሱ ፓርክ የተባለችው አሜሪካዊት ደራሲ በእንግሊዝኛ ጽፋ በ2010 ያሳተመችው፣ በአማርኛ «ወደ ውኃ የተደረገ ረጅም ጉዞ» ብለን ልንጠራው የምንችለው መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የሁለቱ ችሎታዎች ትርጉምና ዝምድና

ስሜት መጋራት ማለት ሌላው ሰው ባለበት ሁኔታ ውስጥ ራስን በሐሳብ አስገብቶ፣ እርሱ የሚያየውን ለማየትና የሚሰማውን ለመረዳት መቻል ነው። ይህም ከማዘን ይለያል። የሚያዝን ሰው ከውጭ ሆኖ ይመለከታል፤ ስሜት የሚጋራ ሰው ግን ከውስጥ ለመመልከት ይጥራል። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ ውኃ ስትቀዳ ቆይታ አርፍዳ ወደ ክፍል ብትገባ፣ የሚያዝንላት መምህር «ምስኪን» ብሎ ያልፋታል። ስሜቷን የሚጋራ መምህር ግን በስንት ሰዓት እንደ ተነሣች፣ ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደች፣ በጓደኞቿ ፊት ስትቆም ምን እንደሚሰማት ያስባል፤ በዚህም መሠረት የራሱን አሠራር ያሻሽላል።

በእንግሊዝኛ «ኢምፓቲ» የሚባለው ቃል በ1909 ኤድዋርድ ቲችነር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ከጀርመንኛ ወስዶ ያስገባው ነው። የጀርመንኛው ቃል ቀደም ሲል ያገለግል የነበረው በሥነ ውበት ጥናት ሲሆን፣ ተመልካች ራሱን በሚያየው የጥበብ ሥራ ውስጥ አስገብቶ ማየቱን ይገልጽ ነበር። ስለዚህ ጽንሰ ሐሳቡ ከመነሻው ከኪነ ጥበብ ጋር የተቆራኘ ነው ማለት ይቻላል።

የአስተያየት ጽሑፍ ደግሞ ጸሐፊው በአንድ አከራካሪ ጉዳይ ላይ የያዘውን አቋም በማስረጃና በምክንያት አስደግፎ የሚያቀርብበት ሲሆን፣ በእኛ የቋንቋ ትምህርት ውስጥ አመዛዛኝ ድርሰት በሚለው ስም ይታወቃል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ክርክር አቋምና ማስረጃ ብቻ ሳይሆን ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያያይዝ ድልድይም ያስፈልገዋል። ይህ ለሀገራችን ባህል እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የበልሃ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ነገሩን የሚያቀርበው ምስክሩንና ምክንያቱን አሰናስሎ ነበር። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የተባለውም በከንቱ አይደለም።

እነዚህ ሁለት ችሎታዎች እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ። የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ከውስጥ ሊረዳ ያልቻለ ጸሐፊ ሊመልስለት አይችልም፤ የሚያሸንፈው ራሱ የፈጠረውን ደካማ ተቃዋሚ ብቻ ነው። በአንጻሩ በምክንያት ያልተፈተነ ስሜት ወገንተኛ ይሆናል። ፖል ብሉም የተባለ የሥነ ልቡና መምህር በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ እንደ ተከራከረው፣ የሰው ስሜት ለቅርቡና ለሚመስለው ሰው በቀላሉ ይነሣሣል፤ ለሩቁና ለብዙኃኑ ግን ይደክማል። በመሆኑም ተማሪው መጀመሪያ እንዲሰማው፣ ቀጥሎም የተሰማውን በሚዛን ላይ አስቀምጦ እንዲመረምር ማድረግ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ማስገባት ተገቢ ነው። በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ጥቂት ገጽ ልብ ወለድ ማንበብ ብቻ የሌሎችን ስሜት የመረዳት ችሎታን ወዲያው እንደሚያሻሽል አመልክቶ ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ያንኑ ውጤት አላገኙም። ለመምህሩ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መጽሐፍ በራሱ አስማት አይሠራም። ፍሬ የሚጠበቀው ከንባቡ ቀጥሎ ከሚካሄደው ውይይትና ጽሑፍ ነው። ሉዊዝ ሮዘንብላት የተባለችው አሜሪካዊት መምህርት ከ1938 ጀምሮ ስታስተምር እንደ ኖረችው፣ የአንድ ድርሰት ትርጉም የሚወለደው አንባቢውና ጽሑፉ ሲገናኙ ነው። መገናኘታቸው ደግሞ አመቻች ይሻል።

2. የመጽሐፉ ታሪክ በአጭሩ

መጽሐፉ በ18 አጫጭር ምዕራፎች የተከፈለ ሲሆን፣ ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። የመጀመሪያው በ2008 በደቡብ ሱዳን የምትኖር ኒያ የተባለች የ11 ዓመት የኑዌር ልጅ ታሪክ ነው። ኒያ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ወደ ሩቅ ኩሬ እየተመላለሰች ለቤተሰቧ ውኃ ትቀዳለች፤ ቀኗ በሙሉ ማለት ይቻላል በመንገድ ያልቃል። ሁለተኛው በ1985 የሚጀምር የሳልቫ ታሪክ ነው። ሳልቫም የ11 ዓመት ልጅ ሲሆን የዲንካ ተወላጅ ነው። በትምህርት ቤት ተቀምጦ ሳለ ጦርነት መንደሩን ይደርስበታል፤ ከቤተሰቡ ተለይቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኢትዮጵያ ይሰደዳል። የኒያ ታሪክ የደራሲዋ ፈጠራ ሲሆን፣ የሳልቫ ግን ሳልቫ ዱት በተባለ በሕይወት ባለ ሰው እውነተኛ ገጠመኝ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሳልቫ በመንገድ ጓደኛውን አንበሳ ይወስድበታል። የአኮቦን በረሃ ከተሻገሩ በኋላ ጠባቂው የነበረው አጎቱ በኑዌር ታጣቂዎች እጅ ይገደላል። በመጨረሻም በጋምቤላ ወደሚገኘው የኢታንግ የስደተኞች መጠለያ ይደርሳል፤ በዚያም ስድስት ዓመት ያህል ይቆያል። በ1991፣ ማለትም በ1983 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በተለወጠበት ወቅት፣ ስደተኞቹ መጠለያውን ለቀው እንዲወጡ ይገደዳሉ። በጥይት እየተባረሩ አዞ የሞላበትን የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎች ያልቃሉ። ሳልቫ ከዚያ በኋላ ብዙ ልጆችን እየመራ ወደ ኬንያ ይጓዛል፤ በ1996ም ወደ አሜሪካ፣ ሮቸስተር ወደምትባል ከተማ ይወሰዳል። ከዓመታት በኋላ አባቱ በሕይወት እንዳለ፣ ነገር ግን ንጹሕ ካልሆነ ውኃ በመጣ ሕመም ሆስፒታል እንደ ገባ ይሰማል። ይህም በ2003 በትውልድ ሀገሩ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅት ወደ ማቋቋም ይመራዋል።

ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት በመጨረሻ ነው። በኒያ መንደር ጉድጓድ ያስቆፈረው ሰው ዲንካው ሳልቫ ሆኖ ይገኛል። አጎቱን በኑዌር እጅ ያጣው ሰው የኑዌርን ልጅ ውኃ ያጠጣል። ልጅቱም ይህ ሰው ከወገኖቿ ጠላቶች ወገን መሆኑን ስታውቅ ትደነቃለች።

3. መጽሐፉ ለዚህ ትምህርት የተመረጠበት ምክንያት

አንደኛ፣ የመጽሐፉ አወቃቀር ራሱ ለተማሪው ትምህርት ነው። አንባቢው በእያንዳንዱ ምዕራፍ ከአንድ ልጅ ዓይን ወደ ሌላ ልጅ ዓይን ይሸጋገራል። በሳልቫ ዓይን ሲያይ ኑዌር የሚያስፈራ ጠላት ነው፤ በኒያ ዓይን ሲያይ ግን ኑዌር ማለት እናት፣ የታመመች ታናሽ እህት፣ እሾህ የወጋት እግር ነው። በቃል ብዙ ሰዓት የሚወስደው ትምህርት በዚህ መንገድ በተግባር ይገለጻል።

ሁለተኛ፣ ታሪኩ ለሀገራችን ተማሪዎች ቅርብም ሩቅም ነው። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባለችው ምሁር በ1990 በጻፈችው ጽሑፍ፣ መጽሐፍ ለልጅ መስተዋትም መስኮትም መሆን እንዳለበት አስረድታለች። መስተዋቱ የራሱን ሕይወት ያሳየዋል፤ መስኮቱ የሌላውን። ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ መጓዝ ለብዙ የገጠር ልጆቻችን መስተዋት ነው። ስደትና መፈናቀልም ቢሆን፣ በተለይ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ከ2020 እስከ 2022 ከተካሄደው ጦርነት ወዲህ፣ ከብዙ የመማሪያ ክፍሎች የራቀ ነገር አይደለም። የከተማ ልጅ ግን ታሪኩን እንደ መስኮት ያየዋል።

ሦስተኛና ከሁሉም የሚከብደው፣ መጽሐፉ ኢትዮጵያን በእንግዳ ዓይን ያሳየናል። ኢትዮጵያ በአንድ በኩል የተራበውን ልጅ ተቀብላ ያስጠለለች ሀገር ናት፤ በሌላ በኩል ወታደሮቿ በጊሎ ዳር ስደተኛውን ወደ ወንዝ ሲነዱ ይታያሉ። ተማሪው በዚህ ምዕራፍ ቢከፋ ወይም ቢቆጣ አያስገርምም። ነገር ግን የስሜት መጋራት ትምህርት እውነተኛ ፈተና ይኸው ነው። ሌላው የበደለውን ሰው ሥቃይ መረዳት ቀላል ነው፤ የራስ ወገን ባለበት የተፈጸመውን ሥቃይ መረዳት ግን ብርቱ ልብ ይጠይቃል።

መጽሐፉ በውጭ ሀገርም በሰፊው ተሠርቶበታል። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ለመምህራን በነጻ በተሰራጨው የ7ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ቋንቋ መርሐ ትምህርት ውስጥ ዋና የንባብ መጽሐፍ ሆኖ ቀርቧል። በዚያም ተማሪዎች የሁለቱን ልጆች ድምፅ ጎን ለጎን የሚያሰማ ግጥም እንዲጽፉ ይደረጋል። ይህ ዘዴ በእኛም ክፍሎች ያለ ምንም ወጪ ሊሠራበት የሚችል ነው።

4. ንባቡን መምራት

18ቱን ምዕራፎች በሳምንት ሦስት ሦስት እያደረጉ በስድስት ሳምንት መጨረስ ይቻላል። የመጽሐፉ ቅጂ አንድ ብቻ በሆነበት ትምህርት ቤት መምህሩ ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የተማሪዎቹ የእንግሊዝኛ ችሎታ ካልፈቀደም የምዕራፉን ይዘት በክፍሉ የማስተማሪያ ቋንቋ ይተርካል። ተረት እየሰማ ያደገ ልጅ በዚህ አይቸገርም።

ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ መምህሩ «ምን ተሰማችሁ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ «ያሳዝናል» ከሚል መልስ የተሻለ አያገኝም። ስለዚህ ጥያቄው በሦስት ደረጃ እንዲከፈል ይመከራል፤

ሀ) በዚህች ሰዓት ሳልቫ (ወይም ኒያ) የሚያውቀው ምንድን ነው? የማያውቀውስ?

ለ) ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ምንድን ነው? የሚፈራውስ?

ሐ) ይህን በመጽሐፉ ውስጥ ከምን ተረዳችሁ? ከንግግሩ? ከሥራው? ወይስ ከዝምታው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ ብዙ ያስተምራል። ለምሳሌ ተማሪው መጽሐፉን ስለያዘ የሳልቫ አባት በሕይወት እንዳለ በመጨረሻ ያውቃል፤ ልጁ ግን ለዓመታት ሳያውቅ ነው የኖረው። በሌላው ሰው ቦታ ማሰብ ማለት የራስን ዕውቀት ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ መቻልም ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ለአስተያየት ጽሑፉ መሠረት ይጥላል፤ ተማሪው ከግምት ወደ ማስረጃ እንዲሻገር ያስለምደዋልና።

ቀጥሎ ተማሪዎች በአንድ ገጽ የተጻፈ አጭር መልመጃ ይሠራሉ። አንድን ድርጊት በሌላ ሰው አንደበት እንደ ገና ይተርካሉ። ሊመረጡ ከሚችሉት ውስጥ ልጇን በጦርነት ያጣች እናት፣ በኢታንግ መጠለያ አጠገብ የምትኖር የጋምቤላ ገበሬ፣ በጊሎ ወንዝ ዳር የቆመ ወጣት ወታደር፣ የሳልቫን አጎት የገደሉት ሰዎች ታናሽ ወንድም ይገኙበታል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከባድ ናቸው። መምህሩ ማስረዳት ያለበት፣ የአንድን ሰው ሐሳብ መረዳት ድርጊቱን ማጽደቅ አለመሆኑን ነው። ዳኛም እኮ የተከሳሹን ቃል አዳምጦ ነው የሚፈርደው።

5. ከስሜት ወደ አስተያየት

ለአስተያየት ጽሑፍ የሚሰጠው ጥያቄ ጥሩ የሚሆነው ሁለት አስተዋይ ሰዎች ሊለያዩበት ሲችሉና ለሁለቱም ወገን በመጽሐፉ ውስጥ ማስረጃ ሲገኝ ነው። «ጦርነት ጎጂ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ተቃራኒ ስለሌለው አያከራክርም። ከዚህ መጽሐፍ ሊወጡ ከሚችሉት ጥያቄዎች የሚከተሉት ለናሙና ቀርበዋል።

- ሳልቫ በበረሃው ለወደቁት ሰዎች ከውኃው ማካፈል ነበረበትን?
- የኒያ ወላጆች እርሷን ውኃ ለማስቀዳት ከትምህርት ማስቀረታቸው ሊያስወቅሳቸው ይገባልን?
- ለአንድ መንደር መጀመሪያ መሠራት ያለበት የውኃ ጉድጓድ ነው ወይስ ትምህርት ቤት?
- ሳልቫ የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች ለራሱ ወገኖች ብቻ ቢያስቆፍር ትክክል ይሆን ነበርን?

የመጀመሪያውን ጥያቄ በምሳሌነት እንመልከት። ስደተኞቹ የአኮቦን በረሃ ሲሻገሩ በአሸዋው ላይ የወደቁ ሰዎች ያጋጥሟቸዋል፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ሳልቫ ከያዘው ውኃ ሊሰጣቸው ሲል አጎቱ ይከለክለዋል፤ ገና ልጅና ደካማ ስለሆነ ያለ ውኃ በረሃውን ሊሻገር እንደማይችል ይነግረዋል። ከጉዞው ውስጥ አንዳንድ ሴቶች ግን ውኃቸውን ያካፍላሉ። የጠጡት ሰዎች ተነሥተው ጉዞውን ይቀላቀላሉ። መጽሐፉ ማን ትክክል እንደ ነበረ አይፈርድም፤ ፍርዱን ለአንባቢው ይተወዋል።

ያልተዘጋጀ ተማሪ በዚህ ጥያቄ ላይ ምናልባት እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ሳልቫ ውኃውን መስጠት ነበረበት። ምክንያቱም ሰውን መርዳት ጥሩ ነው። የማይረዳ ሰው መጥፎ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ሰውን መርዳት አለብን።» ይህ ጽሑፍ አቋም አለው፤ ማስረጃ ግን የለውም። በረሃውም፣ ጥማቱም፣ አጎቱም በውስጡ አይታዩም። መጽሐፉን ያላነበበ ሰውም ሊጽፈው ይችል ነበር።

በውይይቱ ያለፈ ተማሪ ግን የሚከተለውን ወደመሰለ ጽሑፍ ሊደርስ ይችላል፤ ምሳሌው ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው። «አጎቱ ሳልቫን መከልከሉ ትክክል ነበር እላለሁ። ሳልቫ የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ በረሃውን ለማቋረጥ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በመንገድም ሌላ ውኃ አይገኝም። ልጅ ከአዋቂ ቀድሞ ስለሚደክም፣ የሰጠው ውኃ የራሱን ሕይወት ሊያሳጣው ይችል ነበር። በእርግጥ ሴቶቹ ያጠጧቸው ሰዎች ተነሥተው መሄዳቸው ጥቂት ውኃ ሰው እንደሚያድን ያሳያል፤ ይህ የተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ነገር ግን ሴቶቹ አዋቂዎች ስለሆኑ አደጋውን ዐውቀው ለራሳቸው መርጠዋል። ልጅ እንዲህ ያለውን ምርጫ እንዲመርጥ መተው አይገባም። ይህን ስል በአሸዋው ላይ የቀሩትን ሰዎች ረስቼ አይደለም። ሳልቫም የረሳቸው አይመስለኝም፤ ካደገ በኋላ ውኃ ማውጣትን ሥራው አድርጓልና።»

የዚህ ጽሑፍ ብልጫ በአቋሙ አይደለም፤ ተቃራኒውን አቋም ይዞም እኩል ጥሩ ጽሑፍ ሊጻፍ ይችላል። ብልጫው ማስረጃን ከመጽሐፉ ማውጣቱ፣ ማስረጃውን ከአቋሙ ጋር በምክንያት ማያያዙ፣ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ነጥብ ሳይሸሽግ መመለሱና የሚከራከርባቸው ሰዎች ሰው መሆናቸውን አለመርሳቱ ነው። ስሜት መጋራቱ በጽሑፉ ውስጥ የገባው እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ አንድ የክርክሩ ክፍል ነው።

ከመጻፍ በፊት ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ በቃል ማከራከር ይጠቅማል። ከክርክሩ አጋማሽ በኋላ ወገኖቹ ቦታ እንዲለዋወጡና ሲቃወሙት የነበረውን አቋም እንዲደግፉ ማድረግ በተለይ ይመከራል። ይህ ልውውጥ ቀላል ቢመስልም ስሜት መጋራትንና ክርክርን በአንድ ጊዜ ያስተምራል።

ጉዳዩ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ሌሎች የትምህርት ዓይነቶችም ሊሻገር ይችላል። ለምሳሌ የሳይንስ መምህሩ ስለ ጊኒ ዎርም በሽታ ማስተማር ይችላል። በሽታው የሚተላለፈው የትሉን ዕጭ የተሸከሙ ደቃቅ የውኃ ነፍሳት ያሉበትን ውኃ በመጠጣት ነው። ትሉ በሰውነት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ካደገ በኋላ ቆዳን በስቶ ይወጣል። መድኃኒትም ክትባትም የለውም፤ መከላከያው ውኃን በጨርቅ ማጥለልና ንጹሕ ውኃ መጠቀም ነው። በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሕሙማን እንደ ነበሩ ሲገመት፣ በ2023 የተመዘገቡት 14 ብቻ ነበሩ። በሀገራችን በሽታው ለረጅም ጊዜ የቆየው ሳልቫ በተሰደደበት በጋምቤላ ክልል ነው። ተማሪው «መጀመሪያ ጉድጓድ ወይስ ትምህርት ቤት?» በሚለው ጥያቄ ላይ ሲጽፍ እንዲህ ያለውን ማስረጃ ሊጠቀምበት ይችላል፤ በሽታው የተገታው በውኃ ብቻ ሳይሆን በማስተማርም ስለሆነ ማስረጃው ለሁለቱም ወገን ያገለግላል።

6. እርማትና ምዘና

መምህሩ የተማሪውን ስሜት ማረም አይችልም፤ አይገባውምም። «ስሜት መጋራት ከ10 ስንት?» ብሎ ነጥብ መስጠት ተማሪውን ለግብዝነት ይዳርገዋል። ሊታረም የሚገባው በጽሑፉ ላይ የሚታየው ነው። ለዚህም አምስት መመዘኛዎች ይበቃሉ፤ አቋሙ በግልጽ ተነግሯልን? ቢያንስ ሁለት ማስረጃ ከመጽሐፉ ወጥቷልን? ማስረጃው ከአቋሙ ጋር በምክንያት ተያይዟልን? የተቃራኒው ሐሳብ በትክክል ተነግሮ ተመልሷልን? ቋንቋው ጨዋና ግልጽ ነውን?

በአራተኛው መመዘኛ ላይ አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። ጽሑፉን ተቃራኒ አቋም የያዘ ተማሪ ያነብበዋል፤ «ሐሳቤን እኔ እንደምናገረው አድርጎ አቅርቦታል» ብሎ ካመነ ይፈርምበታል፤ ካላመነ ለጸሐፊው ይመልስለታል። በዚህ ዓይነት የተጨናነቀ ክፍል ያለው መምህር የእርማቱ ሸክም ይቀልለታል፤ ተማሪውም ከመምህሩ ሌላ እውነተኛ አንባቢ ያገኛል።

7. ጥንቃቄዎች

በክፍሉ ውስጥ ከጦርነት የሸሹ፣ ወላጅ ያጡ ወይም የተፈናቀሉ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ «አንተ ታውቀዋለህና ንገረን» ብሎ ማስነሣት ትምህርት ሳይሆን ጉዳት ነው። መምህሩ አስቀድሞ ታሪኩ ምን እንደሚይዝ ለክፍሉ መናገር፣ መናገር የማይፈልግ ዝም እንዲል መፍቀድ፣ ጽሑፉም ስለ ሳልቫና ስለ ኒያ እንጂ ስለ ተማሪው ቤት እንዳይሆን መወሰን ይገባዋል። ልብ ወለድ የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው፤ ስለ ሌላው እየተናገሩ የራስን ነገር ማሰብ ያስችላልና።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አንድን ልብ ወለድ እንደ አንድ ሕዝብ ሙሉ ታሪክ አድርጎ አለመውሰድ ነው። ዲንካና ኑዌር በመጽሐፉ ውስጥ ከሚታየው ግጭት የሰፋ ሕይወት አላቸው፤ ኑዌሮች የእኛም ዜጎች ናቸው። ደቡብ ሱዳንም መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በ2011 ነጻ መንግሥት ሆናለች፤ በ2013 መጨረሻም ወደ ሌላ ጦርነት ገብታ ብዙ ስደተኞች እንደ ገና ወደ ጋምቤላ ተሻግረዋል። መምህሩ ይህን ካላስረዳ ተማሪው ታሪኩ በጉድጓዱ መቆፈር ያበቃ ሊመስለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ መምህሩ የራሱን አስተያየት እስከ መጨረሻው ቢያቆይ ይመረጣል። አስቀድሞ ከተናገረ የሚሰበስበው የራሱን አስተያየት ቅጂ ነው።

8. ለዕቅድ አውጪዎች

ይህ አሠራር ከአንድ መምህር ጥረት አልፎ እንዲስፋፋ ከተፈለገ ጥቂት ነገሮች ያስፈልጋሉ። በመጀመሪያ፣ በመርሐ ትምህርቱ ውስጥ ለአንድ ሙሉ መጽሐፍ ንባብ የተመደበ ጊዜ ሊኖር ይገባል። ልጅ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር ሳምንታት ካልቆየ በዓይኑ ማየት አይለምድም፤ ተቆራርጦ የቀረበ ምንባብ ይህን አያስገኝም። ሁለተኛ፣ መጽሐፎቹ በልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች መገኘት አለባቸው። ለዚህም የውጭውን ሥራ መተርጎም አንዱ መንገድ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት የባለመብቱን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። የበለጠው መንገድ ግን የራሳችን ደራስያን ለ10 እና ለ14 ዓመት ልጆች እንዲጽፉ ማበረታታት ነው። ሦስተኛ፣ ፈተናዎቻችን በምርጫ ጥያቄ ብቻ እስከ ተወሰኑ ድረስ አስተያየት መጻፍ በክፍል ውስጥ እንደ ትርፍ ሥራ መቆጠሩ አይቀርም። አንድ አንቀጽ እንኳ የሚያስጽፍ ጥያቄ በፈተና ውስጥ ቢገባ መምህሩ የሚያስተምረውን ይለውጣል። አራተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራኑ ራሳቸው አንድ የልጆች መጽሐፍ አንብበው፣ ተከራክረው፣ ጽፈው ቢመረቁ ዘዴውን በቃል ሳይሆን በልምድ ያውቁታል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተገለጠው፣ ጥሩ የልጆች ልብ ወለድ ተማሪውን በሁለት ሥራ ያሠለጥነዋል፤ የሌላውን ሰው ኑሮ ከውስጥ እንዲያይና ስላየው ነገር የራሱን አቋም በምክንያት እንዲገልጽ። ሁለቱ ሲነጣጠሉ ስሜቱ ዕንባ ብቻ፣ ክርክሩም ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በሀገራችን ዛሬ በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ልጆች ስለ አንድ ጦርነት ከየቤታቸው የተለያየ ታሪክ ሰምተው የሚመጡበት ጊዜ ነው። መምህሩ ያንን ሁሉ ሊያስታርቅ አይችልም። ነገር ግን ኑዌሯ ኒያ የጠጣችውን ውኃ ያወጣው ሰው ዲንካ መሆኑን ባወቀችበት ሰዓት ምን እንዳሰበች ሊጠይቃቸው፣ መልሳቸውን በጽሑፍ ሊቀበላቸው፣ አንዱም የሌላውን መልስ እንዲያነብ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መጽሐፍ፣ ስድስት ሳምንትና የሚያዳምጥ መምህር ነው።